ጁላይ 4ን እናክብር ወይስ እንለፈው? የሰሞኑ ረጅም ክር

ክሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የተካሄደውን ውይይት፣ የጀመረችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር፣ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) የምትሠራ እናት ናት። ዘጠነኛ ክፍል የገባች ልጅ አለቻት። ልጅቷ ዘንድሮ በጁላይ 4፣ በአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ ርችት ለማየት አልሄድም፣ ባንዲራ ያለበት ቲሸርትም አልለብስም ብላ እምቢ አለች። ለምን ስትባል ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ቁጥር አቀረበች። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ የፌዴራል ሪዘርቭ፣ የ2022 ጥናት እንደሚያሳየው፣ ነጭ ቤተሰቦች በሀብት ቢደረደሩ መሐል ላይ የሚቆመው 285,000 ዶላር አለው፤ ከጥቁር ቤተሰቦች መሐል ላይ የሚቆመው ግን 44,900። እንዲህ ባለ አገር የምን ነፃነት ነው የምናከብረው ነው ነገሩ። እናትየዋ ደግሞ በዓሉን ትወዳለች። ዜግነት ስትወስድ ቃለ መሐላው ላይ ያለቀሰች ሰው ናት። ጥያቄዋ፣ ልጄን ላስገድዳት ወይስ እሷ ያየችው እኔ ያልታየኝ ነገር አለ የሚል ነበር።

መልሱ አርባን አለፈ። ላመለጣችሁ በራሴ አነጋገር ላውራላችሁ። የማንንም ጽሑፍ አልገለብጥም፣ ስምም አልጠራም። መሃል መሃል የራሴን ጣል ማድረጌ ግን አይቀርም። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ቁጥር 1 እና 2 መልሶች የተለመዱ ናቸው። አንዱ፣ ልጅ በዚህ ዕድሜ ሁሉንም ነገር እምቢ ይላል፣ ተያት አለ። ሌላዋ መልካም በዓል ብላ አበባ ለጥፋ ሄደች።

ቁጥር 3 ላይ ነገሩ ጠነከረ። የጻፉት በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት ናቸው። በደርግ ጊዜ በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ በ1980ው የስደተኞች ሕግ ወደዚህ የመጡ። ሦስት ልጅ አስተምረዋል፣ ቤት ገዝተዋል፤ በየዓመቱ በር ላይ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው። የበሉበትን ወጪት መስበር ያሳፍራል አሉ። ቀጥለው ልጅቷ አንድ ወር ገዳሪፍ ካምፕ ብትከርም ኖሮ ርችቱን ሮጣ ነበር የምታየው አሉ። ይቺ የካምፕ ነገር ብዙ ሰው አስቀየመች። እኔ ግን አነጋገራቸው ቢከብድም ምስጋናቸው የምር እንደሆነ ይታየኛል። እዚህ አገር በር ሲከፈትለት ደስ ያላለው ስደተኛ ማን አለ?

ቁጥር 4 ጋሼ ብሎ በትሕትና ጀመረ። ምስጋናው ልክ ነው፣ ግን ለማን ነው የምናመሰግነው አለ። ከ1924 ጀምሮ በነበረው የኮታ ሕግ ከኢትዮጵያ የሚፈቀደው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ያንን ኮታ ያፈረሰው ፕሬዚዳንት ጆንሰን ኦክቶበር 3፣ 1965 የነፃነት ሐውልቱ ሥር የፈረመው ሕግ ነው። እሱ ከመፈረሙ ሁለት ወር በፊት ደግሞ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ ወጥቷል። ሁለቱም የአንድ ትግል ልጆች ናቸው፤ በአሜሪካ ደቡብ ውሻ የተለቀቀባቸውና ውሃ የተረጨባቸው ጥቁሮች ትግል። ስለዚህ ጋሼ፣ በሩን የከፈቱልን እነሱ ናቸው፣ የልጅቷ ጥያቄም ከእነሱ የመጣ ነው ብሎ ጨረሰ።

ይሄ መልስ ብዙ ላይክ አገኘ። ቁጥር 5 ግን እርማት ይዞ መጣ፣ እርማቱም ትክክል ነበር። የ1965ቱን ሕግ ሲያወጡ ማንም እኛን አላሰበም አለ። ደጋፊዎቹ ተጠቃሚ ይሆናሉ ብለው የጠበቁት ጣልያኑን፣ ግሪኩን፣ ፖላንዱን ነበር። አፍሪካዊ በብዛት ይመጣል ያለ አልነበረም። የእኛን ሰው በብዛት ያመጣው የ1980ው ሕግና በ1990 የወጣው የዲቪ ሕግ ነው። ቁጥር 4 ተመልሶ እሺ፣ ግን የዘር ኮታው ሳይፈርስ ዲቪ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ ተስማሙ ማለት ይቻላል።

ቁጥር 7 ፍሬድሪክ ዳግላስን አነሳች። ያ ከባርነት ያመለጠ ሰው ጁላይ 4፣ 1852 መድረክ ላይ ወጥቶ በዓላችሁን አላከብርም አለ፣ ልጅቷም ያለችው ይኼንኑ ነው አለች። ቁጥር 8 መምህር ነው መሰለኝ፣ ወዲያው አረማት። ቀኑ 4 ሳይሆን 5 ነው፣ ቦታው ሮቼስተር፣ ኒውዮርክ። 5 መሆኑም ያለ ነገር አይደለም። ኒውዮርክ ባርነትን ጁላይ 4፣ 1827 ስታስቀር እዚያ ያሉ ጥቁሮች ሰልፋቸውን በማግስቱ ነበር ያደረጉት። ደግሞ ዳግላስ ንግግሩን የጀመረው ነፃነቱን ያወጁትን ሰዎች ጀግኖች ናቸው ብሎ በማመስገን ነው። ቀጥሎ ነው ይህ በዓል የእናንተ እንጂ የእኔ አይደለም ያለው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ተስፋ አልቆረጥኩም ብሏል። ስለዚህ ሰውየውን ግማሹን ቆርጣችሁ አትጥቀሱ አለ። ትንሽ የክፍል ውስጥ ቁጣ ነበረበት። ግን እኔም የማስበው እንደዚሁ ነው፤ ሰው አንድን በዓል እየወደደ ሊከስሰው ይችላል። ዳግላስ ሁለቱንም በአንድ ንግግር አድርጎታል።

ከዚያ ክሩ ወደ ሰፈር ወሬ ዞረ። ቁጥር 9 ኡበር የሚነዳ ወንድም ነው። የዳግላስ ቤት እኮ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አናኮስቲያ ኮረብታ ላይ ነው፣ በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ፣ ገብቼ ግን አላውቅም አለ። 1895 ላይ የሞተውም እዚያ ቤት ነው። ቁጥር 10 ቤንጃሚን ባነከርን ጨመረ። የሜሪላንድ ተወላጅ ነው፣ ጥቁር ሆኖ ነፃ ሰው፣ ሰማይ የሚያጠና። በ1791 የዋሽንግተንን ወሰን ከለኩት አንዱ ነበር። የዚያን ዓመት ኦገስት የነፃነት አዋጁን ለጻፈው ለጀፈርሰን ደብዳቤ ጻፈለት። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብለህ የጻፍክ አንተ፣ ወንድሞቼን በግዞት መያዝህ እንዴት ነው የሚል ሐሳብ ያለው ደብዳቤ ነው። ጀፈርሰን በጨዋ ቋንቋ መልስ ሰጠ። በሕይወት ዘመኑ ግን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ቁጥር 10 ላይ የጻፈው ሰው ይህን ያወቀው ልጁ ሆምወርክ ሲሠራ አብሮት ተቀምጦ መሆኑንም ነገረን። ጥሩ አባት።

ቁጥር 12 እናቷን ለዜግነት ፈተና የምታዘጋጅ ልጅ ናት። እናትየው ከ55 ዓመት በላይ ናቸው፣ ግሪን ካርድ ከያዙም 15 ዓመት አልፏቸዋል፤ ስለዚህ በአማርኛ መፈተን ይችላሉ። በ2008 ከወጣው የ100 ጥያቄ ዝርዝር አንዱ፣ ወደ አሜሪካ ተወስደው በባርነት የተሸጡት እነማን ናቸው ይላል። ሌላው ደግሞ የነፃነት ቀን የሚከበረው መቼ ነው ይላል። መንግሥት ራሱ ሁለቱንም እወቁ እያለን ነው፣ እኛ ለምን አንዱን እንደብቃለን አለች። ይቺ አጭር መልስ ከብዙዎቹ ረጃጅም መልሶች ትበልጣለች። ወዲያው ግን ሦስት ሰው ፈተናው በ2025 ተቀይሯል፣ ጥያቄው 128 ሆኗል እያለ ተንጫጫ። ስለ ጠበቃና ስለ ክፍያም ገጽ ሙሉ ተጻፈ። ያንን ልዝለለው።

ቁጥር 15 እሳት ይዞ መጣ። እኛ ጥቁር አሜሪካዊ አይደለንም አለ። ማንም እዚህ በሰንሰለት አስሮ አላመጣንም፣ በገዛ ገንዘባችን ቲኬት ቆርጠን ነው የመጣነው፣ የሰው ብሶት አንዋስ። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለውን ተረትም ጨመረበት፤ ለብሶት ሲነገር የሰማሁት ገና አሁን ነው። ሠርተን ማደግ ነው ያለብን፣ ልጆቻችንን ቅሬታ አናስተምር አለ።

ቁጥር 16 የመለሰለት በአንድ ስም ነው፤ ሙሉጌታ ስራው። ኖቬምበር 1988፣ ፖርትላንድ ኦሬገን፣ ለመማር የመጣ ኢትዮጵያዊ ወጣት ነበር። ፀጉራቸውን የተላጩ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት። ከየት ነው የመጣኸው፣ ቲኬትህን ማን ቆረጠልህ ብለው አልጠየቁትም። በ1990 ፍርድ ቤት ገዳዮቹንም፣ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ያነሳሳቸውንም ሰውዬ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈርዶባቸዋል። ከቁጥር 16 በኋላ ለጥቂት ሰዓት ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 17 በሌላ አቅጣጫ ሄደ። በ1935 ጣልያን ሲወረን ገንዘብ ያዋጡልን፣ በጎ ፈቃደኛ ሆነው የተመዘገቡልን እነማን ነበሩ አለ። ከቺካጎ መጥቶ የንጉሡን አውሮፕላን ያበረረው ጆን ሮቢንሰን የማን ልጅ ነው? በ1954 የሞተውም አዲስ አበባ ነው። ሐኪሙ መላኩ በያን ሕክምና የተማረው የት ነው? ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ እዚሁ ዲሲ። ጥቁር አሜሪካውያን የእኛን ብሶት ሲዋሱ አላፈሩም።

ቁጥር 18 ደግሞ ወደ ሳሎናችን ገባች። ቤት ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያንን በምን ስም እንደምንጠራቸው ሁላችንም እናውቃለን አለች። ልጅሽ ጥቁር አሜሪካዊ ይዛ ብትመጣስ ብላ ጠየቀችን። መልስ የሰጠ የለም። ቁጥር 19 የባሰውን አመጣ። አገራችን በ1923 የመንግሥታት ማኅበር ስትገባ ዋናው ጭቅጭቅ ባርነት ነበር፣ ባርነትን ጨርሶ የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው፣ አያቶቻችን ማንን ይገዙ ማንን ይሸጡ እንደነበር እዚህ የሚያነብ ሰው አለ አለ። ከዚያማ ተለኮሰ። የእኛ ባርነት ከአሜሪካው ጋር አይወዳደርም ያለ አለ፣ የተገዛውን ሰው ጠይቀኸዋል ያለው አለ፣ ብሔር ጠርቶ የተሳደበም አልጠፋም። ቁጥር 22 ላይ አስተዳዳሪው ገብቶ ሁለት መልስ አጠፋ፣ አንድ ሰውም አስጠነቀቀ። ቁጥር 19 ቢቆረቁርም ከርዕሱ የወጣ አይመስለኝም። የሰውን በዓል በእኩልነት ሚዛን ከመዘንን የእኛም ሚዛኑ ላይ መውጣቱ አይቀርም።

ቁጥር 23 የድሮ ታክሲ ሹፌር ናቸው፣ ነገሩን በቀልድ አበረዱት። የዲሲን ታርጋ አንብባችሁ ታውቃላችሁ ወይ አሉ። ከ2000 ጀምሮ ታርጋው ላይ ያለ ውክልና ግብር እንከፍላለን የሚል ቅሬታ ተጽፏል። አሜሪካ እንግሊዝን የከሰሰችበት ምክንያት እኮ ይኼው ነበር። ዲሲ ከዋዮሚንግም ከቨርሞንትም የሚበልጥ ሕዝብ አላት። ሴናተር ግን የላትም፣ ምክር ቤት ያለችው ተወካይም የመጨረሻው ድምፅ ላይ እጅ አታወጣም። ከአገሪቱ ትልልቅ ርችቶች አንዱ ግን የሚተኮሰው እዚህችው ከተማ ላይ ነው። ሰውየው ታርጋውን ስንት ዓመት ሲነዱት የምን ጽሑፍ እንደሆነ የነገራቸው ተሳፋሪ ነው አሉ።

እሳቸውን ተከትሎ አንዱ የዲሲን የነፃነት ቀን፣ ኤፕሪል 16ን ጠቀሰ። በ1862 ባርነት ሲቀር መንግሥት ለባለቤቶቹ በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር ካሳ ከፈለ። ነፃ ለወጣው ሰው የቀረበለት፣ አገሩን ለቆ ከሄደ እስከ 100 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ያለነው ደግሞ እስከ ኖቬምበር 1864 መጠበቅ ነበረብን፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን ያወጣው የባርነት መሻሪያ አዋጅ ያመፁትን ግዛቶች ብቻ ነበር የሚመለከተው። ጁንቲንዝ፣ ጁን 19 የሚውለው የባርነት ማብቂያ በዓል፣ ጁላይ 4ን ይተካ ያሉም ነበሩ። ከ2021 ወዲህ እሱም የፌዴራል በዓል ስለሆነ ሁለቱንም ማረፍ ነው የሚሻለው ያለው ሰው ብዙ ሳቅ አገኘ።

ከዚህ በኋላ ስለ ርችት ሕግ ተወራ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በእጅ የሚያዘው ብልጭልጭ እንኳን ክልክል ነው፣ ከቨርጂኒያ ገዝታችሁ እንዳትመጡ ተባለ። ውሻው አልጋ ሥር ስለሚደበቅበት ሰውም ሰማን። እዚህ መሃል ቁጥር 27 ላይ አንዲት እህት ከሰሜን ኢትዮጵያ በቅርብ ዓመታት እንደመጣች ጻፈች። እሷ ስለ ፖለቲካው ምንም አትልም። የዚያን ቀን ማታ ግን ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ አድርጋ መታጠቢያ ቤት ትቀመጣለች። ድምፁ ርችት መሆኑን ጭንቅላቷ ያውቃል፣ ሰውነቷ አያውቅም። ብዙ ሰው አይዞሽ አላት። ቁጥር 3 ላይ የጻፉት አባት ተመልሰው እኔም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንደዚያ ነበርኩ አሉ፤ ስለ ካምፕ ያሉትንም ከመልሳቸው ላይ አነሱት።

ቁጥር 29 ዲሲ ውስጥ ስላለው ዩ ስትሪት ጽፋ ክርክሩን መለሰችው። ያ ሰፈር የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃና የንግድ ማዕከል ነበር። በ1968 ተቃጠለ፣ ለዓመታትም ባዶ ሆነ። የእኛ ሰዎች ቤት ሲረክስ ገብተው ምግብ ቤት ከፈቱ። በ2005 አካባቢ 9ኛ መንገድ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ ይሰየም ሲባል ነባሮቹ ተቃወሙ። ያኔ ብዙዎቻችን ቅናት ነው ብለን ነበር አለች። አሁን ኪራዩ ሰማይ ሲነካ እኛም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ቨርጂኒያ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ወጥተናል። ያኔ ምን ይሰማቸው እንደነበር አሁን ገባኝ አለች።

ከሁሉም እኔን የያዘኝ ቁጥር 31 ነው። ረጅም ነው፣ ነጥብ የለውም፣ ፊደሉም የተዘበራረቀ ነው። ሰውየው ያደጉት ወሎ ገጠር ነው። አያታቸው የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። ከምርቱ ለባለመሬቱ ይሰፍራሉ፣ በዓል ሲመጣ ማር ይዘው ደጅ ይጠናሉ፣ አጥር እጠር ሲባሉ ያጥራሉ። ዓድዋ የካቲት 23 ሲደርስ ግን የአባታቸውን ጋሻ ከግድግዳ አውርደው ቅቤ ይቀቡትና ይፎክራሉ። አንድ ቀን ልጃቸው፣ የጻፉት ሰውዬ አባት ማለት ነው፣ መሬት የሌለው ሰው የማንን አገር ድል ነው የሚፎክረው ብለው ጠየቁ። አያትየው ተቆጡ። ዓድዋ የሄደው አባቴ ነው፣ ባለመሬቱ አልነበረም፣ በዓሉን ለእሱ ብተውለት መሬቱንም በዓሉንም ወሰደ ማለት አይደለም ወይ አሉ። መሬት ላራሹ የታወጀው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 ነው፤ ከዓድዋ በዓል በሁለተኛው ቀን። አያትየው ያንን ዓመት ጋሻውን ሳይሰቅሉት ሁለት ቀን አቆዩት ይላሉ ጸሐፊው። እውነት ይሁን የቤተሰብ ወግ እንጃ።

ከዚያ ወደ ልጅቷ መጡ። ጁላይ 4ን የጥቁር አሜሪካዊ ላብና ደም ያለበት በዓል አድርጋ ብታየው፣ ለነጮቹ ለምን ትለቅላቸዋለች ነው ሐሳባቸው። ቲሸርቱን ባትለብስም ከሜዳው አትውጣ አሉ።

ቁጥር 32 አልተስማማም። አያትየው ሲፎክሩ ባለመሬቱ ደስ ነው የሚለው አለ። ጭሰኛ እየፎከረ ከዋለ መሬት አይጠይቅም፣ መሬቱን ያስመለሰው መፈክር ይዞ የወጣ ተማሪ እንጂ ጋሻ የቀባ ሽማግሌ አይደለም። ይሄም እውነት አለው፤ ለቁጥር 31 ባደላም ቁጥር 32ን ማለፍ ከብዶኛል። ሁለቱ እስከ ቁጥር 36 ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ንግግራቸው አንቱ ከማለት ወደ አንተ ወረደ።

ቁጥር 37 ላይ ክሩን የከፈተችው እናት ተመለሰች። ሁሉንም አመሰገነች። ከልጇ ጋር መልሶቹን አብረው እያነበቡ እንደሆነ፣ ልጅቷ አማርኛ ማንበብ ስለማትችል እሷ እያነበበችላት እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ በጎን የተናገረችው ነገር ነው ክሩን የቀየረው። የዚያን ቀን እሷ ራሷ ርችት አታይም፤ የማታ ሺፍት አላት። የምትሠራበት ቦታ ለበዓል ጭማሪ አይከፍልም፣ የሚከፈላት እንደማንኛውም ቀን ነው።

አንዱ ይሄ ሕገወጥ ነው ክሰሺ አላት። ሌላው አረመው፤ የፌዴራሉ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራ እንጂ በዓል ስለሆነ ብቻ ጭማሪ ክፈሉ አይልም፣ ያ በአሠሪውና በውል የሚወሰን ነው። ከዚያ መዓት ሰው የራሱን ተረከ። የፓርኪንግ ጋራዥ የሚሠራው፣ ኤርፖርት ዊልቸር የሚገፋው፣ ሆቴል ክፍል የምታጸዳዋ። ረፍቱ ለቢሮ ሠራተኛ ነው፤ እኛ የዚያን ቀን የሚያርፈውን ሰው ነው የምናስተናግደው አሉ። በእኔ ግምት ልጅቷ ስለ ሀብት ያመጣችው ቁጥር በተግባር የታየው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር 40 ግን ጣቱን ወደ ውስጥ አዞረ። ከነጩ አሠሪ በፊት የራሳችንን እንጠይቅ አለ። ሀበሻ ምግብ ቤት ጁላይ 4 ጢም ብሎ ነው የሚውለው፤ ጥሬ ሥጋው፣ ክትፎው፣ ቢራው። ወጥ ቤት ያለችው ሴት ከጠዋት ጀምራ ቆማ ትውላለች፣ በካሽ ነው የሚከፈላት፣ ጭማሪ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ቁጥር 41 ምግብ ቤት አለኝ የሚል ሰው ነው፣ ተቆጣ። ኪራዩን ታውቃለህ ወይ፣ የሥጋ ዋጋ ስንት እንደገባ ታውቃለህ ወይ፣ ሠራተኞቼን እንደ ቤተሰብ ነው የምይዘው አለ። ቁጥር 42፣ ወጥ ቤት የምትሠራ እህት፣ ቤተሰብ ከሆንን በዓሉን አብረን እንረፍ፣ ሠራተኛ ከሆንኩ ደግሞ ክፈለኝ ብላ መለሰችለት።

እኔም እዚያ ገብቼ ቁጥር 43 ላይ ከእሷ ጎን ቆሜያለሁ። ባለምግብ ቤቱ መልስ እየጻፈ መሆኑን ያሳያል፤ አስተዳዳሪው ካልዘጋው ክርክሩ ዛሬ ማታም ይቀጥላል።